ዓሣም አብቲርሲ አለው፦ የዓሣ ዘረመል ታሪክ ለቢርካና ለኩሬ ባለቤት ምን ይነግረዋል?

 

አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ማሽላና በቆሎ፣ ስለ ፍየልና ግመል ነው። ዛሬ ግን ስለ ዓሣ ታሪክ እናወራለን። «እኛ ጋ ዓሣ የት አለና?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አገራችን የግመል አገር ነው። ነገር ግን ቢርካና ኩሬ የሚያሠራ ሰው እየበዛ ነው፣ «ዓሣ ብለቅበትስ?» የሚል ሐሳብም አብሮ ይመጣል። አንዱ ለምግብና ለሽያጭ ያስባል፣ ሌላው የወባ ትንኝ እጭ ይበላልኛል ብሎ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን በጀሪካን ተይዞ የመጣ ዓሣ ምን ዓይነት ዘር እንደሆነ፣ ከየት እንደተቀዳ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለምን መጠየቅ እንዳለብን በታሪክ ያሳያል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ዘረመል ማለት ምንድን ነው?

በሶማሌ ባህል ልጅ አድጎ አፉን ሲፈታ አብቲርሲ ይማራል። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ ጎሳው መነሻ ድረስ ይቆጥራል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው ቢቆጥሩ የት ላይ እንደሚገናኙ ያውቃሉ። ቶሎ ከተገናኙ የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ ርቀው ከተገናኙ የሩቅ።

ዘረመል የሚሉት ነገር የእንስሳና የተክል አብቲርሲ ነው ብላችሁ ያዙት። ዲኤንኤ የሚባለው ረጅም ክር በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ አለ። በላዩ ላይ በአራት «ፊደላት» የተጻፈ መልእክት ይገኛል። መልእክቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስህተቱ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ስለዚህ ሁለት ዓሦች የሚጋሩት ስህተት ብዙ ከሆነ የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ ጥቂት ከሆነ የሩቅ። ሳይንቲስቱ የሚቆጥረው ይህንን ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛ አብቲርሲ በአባት ይቆጠራል። የዓሣ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የተጠቀሙበት የዲኤንኤ ክፍል ግን ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ይገኛል። አባትም እናትም የሚሰጡትን የቀረውን ክፍል ማንበብ የተለመደው ዘግየት ብሎ ነው።

ሥራው ከባድ ይመስላል እንጂ አጀማመሩ ቀላል ነው። ከዓሣው ክንፍ ላይ የጥፍር ያህል ተቆርጦ ንጹህና ጠንካራ አልኮል ውስጥ ይገባል። ዓሣው ሳይሞት ወደ ውሃው ይመለሳል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዲኤንኤው ተለይቶ ይወጣል፣ አንዲት የተመረጠች ክፍል በማሽን ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ትባዛለች፣ ከዚያ ፊደሎቿ ይነበባሉ። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ግን ዘረመሉ ይበላሻል፣ ስለዚህ አልኮል ነው የሚፈለገው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ዓሣ በዓይን ብቻ ስለማይለይ ነው። ለዚህ ከጣና የተሻለ ማስረጃ የለም።

ጣና፦ አንድ ዓሣ ወይስ አሥራ አምስት?

በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ጎንደር ደረሰ። ከጣና ሐይቅ ዓሦች ሰብስቦ አገሩ ወሰደ፣ ለብዙዎቹም የሳይንስ ስም አወጣላቸው። ነጅያ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ የሚባሉት ስሞች የእሱ ናቸው። ስሞቹን ልብ በሉ፣ የላቲን ድምፅ የላቸውም። «ጎርጓሪ» ሲባል «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ትዝ የማይለው አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል?

እነዚህ ዓሦች ትልልቅ ናቸው፣ ሳይንሱ ላቤኦባርበስ ይላቸዋል። የአካባቢው ሰው በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን ነው። ከሩፔል በኋላ ሌሎችም መጡ፣ ስም በስም ላይ ተደረበ። አንዱ አፉ ትንሽ ሰፋ ያለ ዓሣ ካገኘ አዲስ ስም፣ ሌላው ከንፈሩ የወፈረ ካገኘ ሌላ ስም ያወጣል። ነገሩ ገበያ ሆነ።

በ1973 እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር ይህን ሁሉ ለማስተካከል ተነሣ። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ የባርበስ ዓሦች መርምሮ በርካታ ስሞችን ሰረዘና «እነዚህ ሁሉ መልካቸው የሚለዋወጥ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው» አለ። ስሙም ኢንተርሚዲየስ ሆነ። በወረቀት ላይ ጣና የነበረው ሀብት በአንድ ብዕር ወደ አንድ ዓሣ ወረደ።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ መስሎ ከታያችሁ በበግ አስቡት። አንድ የመንግሥት ባለሙያ መጥቶ «በግ በግ ነው» ብሎ ጥቁር ራሱን የሶማሌ በግና የደጋውን በግ በአንድ መዝገብ ቢጽፍ፣ ድርቅ የሚችለው በግ ቢያልቅ ማን ያውቃል? መዝገቡ ላይ «በግ አለ» ነው የሚለው። አንድ ዓይነት ተብሎ የተመዘገበ ነገር ግማሹ ቢጠፋ እንኳ ጠፋ አይባልም። በጣናም የነበረው አደጋ ይኸው ነው።

በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሌዮ ናግልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠው ዓሦቹን እንደገና መለካት ጀመሩ። አፉን፣ መንጋጋውን፣ ዓይኑን፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ምግብ፣ የሚራባበትን ቦታና ጊዜ ሁሉ መዘገቡ። ያገኙት ነገር አስገራሚ ነበር። መልካቸው ብቻ ሳይሆን ኑሯቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ አንዱ ተክል ይበላል፣ አንዱ ከውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን ያጣራል። ስምንት የሚሆኑት ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ አዳኝ መሆኑ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። መጀመሪያ 14፣ ቆይቶም 15 እና ከዚያ በላይ ዓይነቶች ተቆጠሩ። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በየትም የማይገኙ ናቸው።

ዘረመሉስ ምን አለ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። በእናት በኩል የሚወረሰው ዲኤንኤ ሲነበብ የጣና ዓሦች እጅግ በጣም የተቀራረቡ ሆነው ተገኙ። አንዱን ከሌላው በዚያች ቁራጭ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነበር። «ታዲያ ባኒስተር ልክ ነበራ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። መቀራረቡ የሚነግረን ገና ትናንት የተለያዩ ወንድማማቾች መሆናቸውን ነው። ከሐይቁ ሥር የወጣ ጭቃ ንብርብሩ ሲጠና ጣና ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ከሐይቁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች የሚመጣ ዓሣ አይወጣውም። ስለዚህ ሐይቁ በሩን ዘግቶ ራሱ ያራባው ቤተሰብ ነው።

በአብቲርሲ ቋንቋ ስንናገር፣ እነዚህ ዓሦች ሦስትና አራት አባት ብቻ ቆጥረው የሚገናኙ፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግጦሽና የየራሳቸውን ጉድጓድ የያዙ ጎሳዎች ናቸው። ዝምድናቸው ቅርብ ነው ተብሎ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣ ሰባሪው ከጠፋ አዳኙ ሄዶ ቀንድ አውጣ አይሰብርም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንያዝ። ዓይን ብቻውን አይበቃም፣ ዘረመል ብቻውንም አይበቃም። ሁለቱ ሲጣመሩና የዓሣው ኑሮ ሲታከልባቸው ነው እውነቱ የሚወጣው።

ቆጠራው ዘግይቶ ቢሆንስ?

ጣና ላይ ቆጠራው የደረሰው በጭንቅ ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሰው በታንኳ ነበር የሚያጠምደው፣ የሚይዘውም ለባሕር ዳርቻው ያህል ነበር። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ ገበሬውን ለመጥቀም ነበር፣ ጠቅሟልም። ችግሩ ግማሽ ያህሉ ዓይነቶች ለመራባት በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጡ መሆናቸው ነው፦ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ እንቁላል የያዘችው እናት ሁሉ እየመጣች ትገባበታለች። የወለደች ፍየልን ከነግልገሏ ማረድ ማለት ነው። በአንዳንድ ወንዞችም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በውሃ ላይ እየበተኑ ዓሣ ማደንዘዝ ነበረ፣ ብርብራ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን አይመርጥም።

ውጤቱ ተለክቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተያዘው ሲነጻጸር፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው! ከአራት ሦስቱ ጠፋ። እነዚያ ተመራማሪዎች ቀድመው ዓይነት በዓይነት ለይተው ባይቆጥሩ ኖሮ «ጣና ላይ ዓሣ አለ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቀረሶና አምባዛ በመረቡ እየገቡ ስለሆነ የነጩ ዓሣ መጥፋት በድምሩ ውስጥ ይደበቅ ነበር።

አገሪቱም በኋላ ሕግ አወጣች። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው ዓሣን እንደ ማንኛውም ሀብት ጠብቆ ለመጠቀም ነው።

ወደ እኛ ስንጠጋ

«ጣና ሩቅ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። የጅግጅጋ ሜዳ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። ጀረር ወደ ፋፈን ይገባል፣ ፋፈን ደግሞ ዝናቡ በበረታ ዓመት እስከ ዋቢ ሸበሌ ይደርሳል። በደረቅ ወራት የተቆራረጠ ኩሬ የሚመስለው ወንዝ በጎርፍ ጊዜ አንድ መንገድ ነው። እናንተ ላይ የተለቀቀ ዓሣ የጎዴ ዓሣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እነዚያ የምሥራቅ ወንዞችም ባዶ አይደሉም። ገናሌ ዶሎ አዶ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው የኢትዮጵያና የሩሲያ የባዮሎጂ የጋራ ጉዞ ቡድን ተመራማሪዎች ገናሌ ውስጥ የጣናን የሚመስል ነገር አገኙ። በ2019 በታተመው ጥናታቸው እዚያው ወንዝ ውስጥ አብረው የሚኖሩ የላቤኦባርበስ ዓሦች በርካታ ገጽታ ይዘው መለያየታቸውን አሳዩ። አንዱ ከንፈረ ወፍራም፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ያለ አልጌ የሚፍቅ፣ አንዱ አዳኝ። ይህ የታወቀው በዘረመልና በመልክ አንድ ላይ ስለተመረመረ ነው። 

ከድንበር ማዶ ደግሞ ከዚህም የሚገርም አለ። በሶማሊያ መሬት ሥር ባለ ውሃና ጉድጓድ ውስጥ ዓይነ ስውር ዓሦች ይኖራሉ። በ1920ዎቹ የጣሊያን ሊቃውንት ሦስት ዓይነት መዝግበዋል፦ ዑጊትግላኒስ በ1923፣ ፍሬያቲክቲስ በ1924፣ ባርቦፕሲስ በ1926። ፍሬያቲክቲስ ዓይን የለውም፣ ቅርፊት የለውም፣ ቀለምም የለውም። ፀሐይ ሳያይ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል።

በ2011 የወጣ ጥናት የዚህን ዓሣ የሰውነት ሰዓት መረመረ። እናንተም እኔም፣ ዶሮውም ግመሉም በ24 ሰዓት ገደማ የሚዞር ሰዓት በሰውነታችን ውስጥ አለን፣ ብርሃን ያስተካክለዋል። የዚህ ዓሣ ሰዓት ግን ወደ 47 ሰዓት የተለጠጠ ነው። ብርሃን ቢበራለት አይሰማውም፣ በተወሰነ ሰዓት ምግብ ቢሰጠው ግን ሰዓቱን ያስተካክላል። ተመራማሪዎቹ ብርሃን የሚቀበሉት ዘረመሎች የት ላይ እንደተሰበሩ በፊደል ደረጃ ማየት ቻሉ። ከዚህ በመነሣትም በጤነኛ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ብርሃን በየትኛው በር እንደሚገባ ተረዱ። የእረኛ ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ ማንም የማያየው ዓሣ የዓለም ቤተ ሙከራዎችን አስተማረ።

የጉድጓድ ውሃ ዓሣ ከሌላ ቦታ አይመጣም፣ ውሃው ከተበከለ ወይም ከደረቀ የሚሸሽበት የለውም። የድሮ ጉድጓድ ሲጠረግ ነጭ፣ ዓይን የሌለው፣ ትንሽ ዓሣ ያየ ሰው ካለ አይግደለው፣ አይጣለው። ፎቶ አንስቶ ይንገረን።

ሲደባለቁ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአገራችን በኩሬ የሚረባው የታወቀው ዓሣ የናይል ቲላፒያ ነው፣ ቀረሶ የምንለው። በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በጁባ ደግሞ የአካባቢው የራሱ ቲላፒያ አለ፣ ሳይንሱ ስፒሉረስ ይለዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ብዙ ሰው አይለያቸውም። እነሱም ራሳቸው ብዙ አይለያዩም፤ የዚህ ወገን ዓሦች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ።

ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1925 ስፒሉረስ ተለቀቀበት፣ ተራብቶም ዓሣ አጥማጅ ይኖርበት ነበር። በ1956 ገደማ ሌላ ቲላፒያ፣ ሉኮስቲክተስ የሚባለው፣ ሳይታሰብ አብሮ ገባ። ሁለቱ ተዳቀሉ። መጀመሪያ ሐይቁ በድቅል ተሞላ፣ ከዚያ ድቅሉ እየተመለሰ ከእንግዳው ጋር ተዳቀለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ንጹሁ ስፒሉረስ ከሐይቁ ጠፍቶ ነበር። ማንም አልገደለውም፣ መርዝም አልገባም። ተዳቅሎ ቀለጠ። ይህ ስፒሉረስ የእኛው ዋቢ ሸበሌ ዓሣ ዘመድ ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ሉዎዎች ንጌጌ የሚሉት ቲላፒያ የሕዝቡ ዋና ምግብ ነበር። በ1950ዎቹ የናይል ቲላፒያና የናይል ፐርች ገቡ፣ መረብም በዛ። ንጌጌ ከትልቁ ሐይቅ ጠፋ ማለት ይቻላል። የዳነው አጠገቡ ባሉ ትንንሽ ሐይቆች ነው፣ ከእነሱም አንዱ ካንያቦሊ ይባላል። ሳይንቲስቶች የካንያቦሊን ዓሣ ዘረመል አንብበው የድሮው ዘር አሁንም እዚያ እንዳለ አረጋገጡ። ነገር ግን የናይል ቲላፒያ ደም ምልክትም አገኙበት። በዓይን ንጌጌ የሆነ ዓሣ በዘሩ የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ዘረመል ሥራው ይህ ነው፦ የትኛው ኩሬ ንጹህ ዘር እንደያዘና የትኛው እንዳልያዘ ለይቶ፣ ጥበቃው በትክክለኛው ቦታ እንዲሆን ማድረግ።

የራሳችን ቀረሶም ቢሆን አንድ አይደለም። በ2021 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ሐይቆች ቀረሶ ዘረመል አነጻጽሮ በየሐይቁ ያለው መንጋ እንደሚለያይ አሳይቷል። መልእክቱ ለእርባታም ለጥበቃም አንድ ነው፦ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሳይታሰብበት አታጓጉዙ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሙቀት የሚችል ወይም በሽታ የሚቋቋም ዘር ስንፈልግ የምንሄደው ወደ እነዚያ መንጋዎች ነው። ማሽላችሁን አስቡት፤ የአያት ዘር ከጎተራ ከጠፋ ከገበያ ገዝታችሁ አትመልሱትም።

ቢርካና ወባ

ቢርካ ያለው ሰው ይህን ክፍል በደንብ ያንብብ። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ከእስያ የመጣ ነው። የታወቀውም በዘረመል ነው፤ መልኩ አጠራጠረ፣ ዲኤንኤው ሲነበብ ማንነቱ ወጣ። ይህ ትንኝ ረግረግ አይጠብቅም። ቢርካ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃዋል፣ ከተማ ውስጥም በበጋም ይራባል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የነበረውም ይኸው ትንኝ ነው።

ዓሣ እጩን ይበላል? ይበላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሶማሊያ በቢርካዎች ውስጥ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የተመረጠው የውጭ ዓሣ አልነበረም፣ ያው የአካባቢው ስፒሉረስ ነው። የትንኝ እጭም ቀነሰ። በአሰብ ወደብም አፋኒየስ የሚባል የአካባቢው ትንሽ ዓሣ ለዚሁ ሥራ ተሞክሯል። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት የአካባቢ ዓሣ ሥራውን እንደሚሠራ ነው።

በዓለም ላይ የተስፋፋው ግን ሌላው መንገድ ነው። ጋምቡዚያ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከአሜሪካ ደቡብ ተነሥቶ «የወባ መድኃኒት» ተብሎ ባለፈው መቶ ዓመት በብዙ አገር ተበተነ። የገባበትን ውሃ የአገሬውን ዓሣ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፣ ክንፉን ይነክሳል። ዛሬ በዓለም ከባድ ጉዳት ካደረሱ መጤዎች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። አንዴ ከገባ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መነሻውን ጠይቁ። የዓሣ ጫጩት ሲሰጣችሁ ከየትኛው ሐይቅ ወይም ማራቢያ እንደመጣ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተያዘ በደብተር ጻፉ። መልስ የሌለውን ጫጩት አትቀበሉ። ለምግብ ልታረቡ ከፈለጋችሁ በወረዳ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ በኩል ጠይቁ። ሰበታ ላይ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ ምርምር ማዕከል አለ፣ ባለሙያው ከእሱ ጋር ሊያገናኛችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ኩሬውን ከወንዝ ለዩ። ኩሬያችሁ ሲሞላ ወደ ጀረር ወይም ወደ ፋፈን የሚፈስ ከሆነ ዓሣ ከመልቀቃችሁ በፊት መፋሰሻው ላይ ደቃቅ ወንፊት አድርጉ። ጎርፍ የሚሄድበት ዳር ላይ ኩሬ አትቆፍሩ። ከኩሬ ዓሣ ይዛችሁ ወደ ወንዝ «ይራባ» ብላችሁ አትልቀቁ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ዓይነት ቲላፒያ በአንድ ኩሬ አትቀላቅሉ። በጥቂት ዓሣ ብቻም አትጀምሩ። አንድ አውራ በግ ለብዙ ዓመት ያቆየ ሰው ምን እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ፦ የሚኮሰምን ግልገል። ዓሣም በወንድምና በእህት ሲራባ እንዲሁ ነው።

አራተኛ፣ በበጋ በወንዙ ውስጥ የሚቀሩትን ጉድጓዶች ጠብቁ። ትንሽ ዓሣ የሚተርፈው እዚያ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ወንዙን መልሶ የሚሞላው እሱ ነው። ብርብራ፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም የመርጫ እቃ እጣቢ አይግባበት። ሀረማያን አስታውሱ፤ ዓሣ ይወጣበት የነበረው ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፣ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ውሃ ከሰማይ ይመለሳል፣ የጠፋ ዘር ግን ከሰማይ አይዘንብም።

አምስተኛ፣ ቢርካችሁን መጀመሪያ ክደኑት። በደንብ የተከደነ ቢርካ ላይ ትንኝ አይወልድም፣ ውሃውም አይባክንም። የምትጠጡት ውሃ ላይ ዓሣ ለመልቀቅ ካሰባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የእንስሳት ባለሙያውን አብራችሁ ጠይቁ። የአጎበር አጠቃቀማችሁንም ዓሣ አለ ብላችሁ አታቋርጡ።

ስድስተኛ፣ ተመራማሪ መጥቶ የዓሣ ክንፍ ቁራጭ ቢጠይቃችሁ አትፍሩ። ዓሣውን አይጎዳውም። የአካባቢያችሁ ዓሣ ምን ዘር እንደሆነ በመዝገብ የሚገባው በዚያ ነው። ስታዩም የአካባቢውን ስም ንገሩት። ሶማሊኛም ይሁን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ሽማግሌዎች ለሁለት ዓሣ ሁለት ስም ካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ከሩፔል እስከ ዛሬ ወደ 200 ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣና ላይ ያለው ዓሣ አንዴ ብዙ፣ አንዴ አንድ፣ አንዴ ደግሞ አሥራ አምስት ተብሎ ተቆጥሯል። ዓሣው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። በእኛ በኩል ያሉት ወንዞችና ጉድጓዶች ግን ገና በደንብ አልተቆጠሩም። ሳይቆጠሩ እንዳይጠፉ ወይም እንዳይቀላቀሉ የሚያደርገው ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አይደለም፤ ጀሪካኑን የያዘው ሰው ነው።

ጽሑፉ ጠቃሚ መስሎ ከታያችሁ ኩሬ ወይም ቢርካ ላለው ጎረቤታችሁ አድርሱት፣ ማንበብ ለማይችሉትም አንብቡላቸው። በወንዛችሁ ወይም በጉድጓዳችሁ ያያችሁትን ዓሣ ፎቶ ከቦታው ስም ጋር ላኩልን። ዝናቡን የበረከት ያድርግልን።